በ400 ሚሊ ሜትር የማነሳቸው የቀይ ቀበሮ ፎቶዎች ብዥ እያሉብኝ ነው፤ ነገ ጠዋት የመጨረሻ ዕድሌ ነው

የጎባ እንግዳ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። አሁን ጎባ ነኝ፤ ነገ ከመንጋቱ በፊት ባሌ ተራሮች ላይ ወዳለው ሳነቴ አምባ እንደገና ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስለምመለስ መልሱ ዛሬ ማታ ያስፈልገኛል። ካሜራዬ ካኖን አር10 ነው፤ ሌንሱም የዚያው ድርጅት አርኤፍ 100-400 (ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ) ነው። ዛሬ ረፋዱ ላይ ቀይ ቀበሮ አግኝቼ ብዙ ፎቶ አነሳሁ፤ ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ሳሰፋቸው ግን ጸጉሩ አይለይም፣ የጆሮው ጠርዝም ተለውሷል። በ100 ያነሳሁት የመሬት ገጽታ ጥርት ብሎ ወጥቷል። አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ በዚሁ ሌንስ ያነሳኋቸው ወፎችም ላባቸው ይለይ ነበር። ሌንሱ በመንገዱ መንገጫገጭ ተበላሽቶ ይሆን? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

መለኪያ
ወዳጄ፣ ሌንስዎን ከመጠርጠርዎ በፊት የሹተር ፍጥነትዎን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን የጊዜ ርዝመት) ይመልከቱ። የአር10 ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ሙሉ ፍሬም ከሚባለው ትልቁ መጠን ስለሚያንስ የእይታ ማዕዘኑ በ1.6 ይጠብባል፤ ስለዚህ የእርስዎ 400 በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ እንደ 640 ሚሊ ሜትር ያያል። የቆየው መመሪያ በእጅ ሲያነሱ ፍጥነቱ ከዚህ ቁጥር እንዳያንስ ያዛል፤ ይኸውም ቢያንስ 1/640 ሰከንድ ማለት ነው። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጅን መንቀጥቀጥ እስከ 5.5 ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ የብርሃኑን ጊዜ በእጥፍ ማስረዘም ማለት ነው) እንደሚያካክስ ካኖን ይገልጻል፤ ነገር ግን የእንስሳውን እንቅስቃሴ ፈጽሞ ሊያቆም አይችልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማረጋጊያ አለኝ ብሎ በ1/125 የሚራመድ እንስሳ ያነሳና ሌንሱን ይወቅሳል። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርገው ፍጥነቱን 1/1000 ወይም 1/1600፣ አፐርቸሩን (የብርሃን መግቢያ ቀዳዳውን፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) 8 ላይ ይያዙትና አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) ለካሜራው ይተዉለት። 3200 ቢደርስም አይስጉ፤ ፎቶው ላይ የሚፈጠሩት ጥቃቅን ነጥቦች በኋላ በሶፍትዌር ይቀነሳሉ፣ የደበዘዘ ፎቶን ግን የሚያድነው የለም።

አሮጌው ባለካሜራ
እኔ በጥያቄው መነሻ አልስማማም። ሌንሱ አልተበላሸም፤ ሲጀመርም ለዚህ ሥራ አልተሠራም። 400 ላይ ከ8 በላይ የማይከፈት አፐርቸር ይዞ ጎህ ሲቀድ ወደ ተራራ መውጣት ምን ይባላል? አውቶፎከስ በ8 እንደማይሠራ ሁሉም ያውቃል። ገንዘብ አጠራቅመው ትልቁን ሌንስ ይግዙ።

ክንፍና ላባ
ወንድሜ፣ የሚሉት በዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ዘመን እውነት ነበር። በዚያን ጊዜ ፎከስ የሚለካው ከመስታወቱ ሥር በተቀመጠ የተለየ መለኪያ ስለነበር፣ አብዛኞቹ ካሜራዎች ከ5.6 ሲያልፍ አውቶፎከሳቸውን ያቆሙ ነበር፤ የተሻሉትም በ8 የሚሠራላቸው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነበር። እንደ አር10 ያለ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ካሜራ ግን የሚለካው በራሱ ሴንሰር ላይ ስለሆነ ያ ገደብ የለበትም። ይህ ሌንስ በ2021 ሲወጣ ዋጋው 650 ዶላር ገደማ፣ ክብደቱም 635 ግራም ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትንፋሽ እያጠረው ለሚውል ሰው የክብደቱ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ብርሃን በሚጎድልበት ሰዓት ድክመት አለበት፤ ረፋድ ላይ ግን የቀበሮ ጸጉር የሚያለውስ ሌንስ አይደለም። ጠያቂው ጥርጣሬውን አሁኑኑ ሊያጠራ ይችላል፦ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ማረጋጊያውን አጥፍቶ፣ በሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ፣ ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካለ 5 ሜትር ያህል ርቆ በ400 ያንሳው። ፊደሎቹ ጥርት ካሉ ሌንሱ ጤነኛ ነው።

ባለ ሦስት እግር
ፍጥነቱን ወደ 1/1000 ከፍ ያድርጉት። ትራይፖድ ከተጠቀሙ ደግሞ ማረጋጊያውን ያጥፉት።

የጎባ እንግዳ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆቴሉን የቁርስ ሰዓት ማስታወቂያ አነሳሁት፤ ከታች በጥቃቅኑ የተጻፈው ስልክ ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። ዛሬ የነበረኝ ፍጥነትም 1/1600 ነው፣ ፎቶዎቹ ላይ ተመዝግቧል። አንድ የገረመኝ ነገር አለ፦ በተከታታይ ካነሳኋቸው ውስጥ አንዱ የተሻለ ሆኖ ቀጣዩ ይብሳል፤ በአንዱ ላይ የጀርባው መስመር ሞገድ የመሰለ ነው።

የሰሜን ብርድ
ያ ሞገድ ፍንጭ ሳይሆን አይቀርም። እባክዎ እነዚህን ይመልሱልኝ፦ ያነሱት ከመኪና ውስጥ ነው ወይስ ወርደው? መስኮቱ ክፍት ነበር? ማሞቂያው በርቶ ነበር? ሌንሱ ፊት ላይ ፊልተር አለ? ቀበሮውስ ምን ያህል ይርቅ ነበር?

የጎባ እንግዳ (ጠያቂ)
ከመኪና ውስጥ ነው እንጂ፤ አስጎብኚው ስንወርድ ይሸሻል ብሎናል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሌንሱን በመስኮቱ በኩል ነው ያነጣጠርኩት። ብርዱ ስለማይቻል ማሞቂያው በርቷል፣ ሞተሩም አልጠፋም። ሌንሱ እንዳይጫር የገዛሁት ዩቪ ፊልተር አለ። ርቀቱ 100 ሜትር ቢሆን ነው።

የሰሜን ብርድ
እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። እኔ የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ ነው፤ በክረምት ከመኪና ሆነን አጋዘን ስናነሳ ይህ ችግር ሁልጊዜ ያጋጥመናል። ከሞቀው መኪና በመስኮቱ የሚወጣው አየር ከውጭው ብርድ ጋር ሲደባለቅ፣ ጥግግታቸው ስለሚለያይ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ያጥፈዋል። የጋለ ምጣድ ላይ አየሩ ሲርገበገብ አይተው ያውቃሉ፤ እርስዎ የሚያነሱት በዚያ አየር ውስጥ አሻግረው ነው። በ100 ሚሊ ሜትር አይታይም፣ በ400 ግን ከምስሉ ጋር አብሮ ይጎላል። ካሜራው ደግሞ ፎከሱን ለማግኘት የሚሞክረው በዚያው በሚወዛወዝ ምስል ላይ ስለሆነ አንዱ ተሳክቶ ቀጣዩ ይበላሻል። የሹተር ፍጥነት ቢጨምሩ አይፈታም።

ነገ ወደ አምባው ሲቃረቡ ማሞቂያውን አጥፍተው በሁለቱም በኩል መስኮቶቹን ይክፈቱ፤ የመኪናው ውስጥና ውጭው እኩል እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጋቢ ደርበው ይታገሡ። ካሜራውና ሌንሱም ቀዝቅዘው ይቆዩ፤ ሞቆ የወጣ ሌንስ መከለያው ውስጥ ያለውን አየር ራሱ ያርገበግበዋል። ቀበሮው ሲታይ ሞተሩ ይጥፋ፣ ከኮፈኑ በላይ አሻግረው በጭራሽ አያንሱ። ፊልተሩንም ዛሬውኑ ይፍቱት፤ ርካሽ መስታወት በሰፊ ሌንስ ላይ ባይታወቅም በ400 ላይ ጥራቱን ይቀንሳል። ሌንሱን መስኮቱ ላይ የሚያሳርፉበት፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ በግማሽ የተሞላ ከረጢት ቢያዘጋጁ ደግሞ ከትራይፖድ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ርቀቱ ነው። በዚህ ካሜራ በ400 ከ100 ሜትር ላይ ሲያነሱ ፍሬሙ ወደ ጎን 5.6 ሜትር ያህል ይይዛል፤ ቀበሮው ከጭራው በቀር 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ የፍሬሙን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ላይ ቆርጠው ሲያሰፉት የአየሩም ጉድለት አብሮ ይሰፋል። በ30 ሜትር ግን ግማሹን ያልፋል። ፀሐዩ ጠንክሮ መሬቱ ከሞቀ በኋላ ከሜዳው ላይም ይኸው መርገብገብ ስለሚነሣ፣ ሩቅ ላለው ነገር ማለዳው ወይም ደመናማው ሰዓት ይሻላል።

ንፍሮ ወዳጅ
ወንድሜ፣ ሽምብራውን አደራ እንዳትጥለው፤ ፎቶው እንቢ ካለ ለንፍሮ ይሆናል፣ ከተሳካም ለደስታው ይቆላል። ደግሞ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን በውስጥ ኪስህ ያዘው። ስትመለስ ካሜራውን ሞቃት ክፍል ከማስገባትህ በፊት ቦርሳው ውስጥ ዘግተህ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ አለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ይህ ሌንስ ደግሞ ከእርጥበት የሚከላከል ሽፋን የለውም።

ክንፍና ላባ
ስለ ርቀቱ አንድ ነገር ልጨምር። 30 ሜትር የተባለው ቀበሮውን በመኪና እየተከተሉ የሚደረስበት እንዳይመስልዎ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ናቸው። ከመንገዱ ሳይወጡ፣ ምግብ ሳያሳዩ፣ ጉድጓዱ የበዛበትን ሜዳ መርጠው ሞተር አጥፍተው ቢጠብቁ ቀበሮው ራሱ ይቀርባል፤ ምክንያቱም ቀን ቀን የሚያድነው በዚያ ከጉድጓድ ብቅ የሚለውን ትልቁን ፍልፈል ነው። ሲያደባ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ረዘም ላለ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእርስዎ ጊዜ ያኔ ነው። ካሜራው ፎከስ ለማድረግ ለይቶ የሚፈልገውን ነገር የሚመርጠውን ማስተካከያ እንስሳት ላይ ያድርጉት፤ ካሜራው ቁጥቋጦውን ከመረጠብዎ ግን ወደ አንዲት ትንሽ ነጥብ ቀይረው ዓይኑ ላይ ያሳርፏት። ሲዘል ለማንሳት ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ሹተሩን ይተዉት፤ በሰከንድ 23 ፎቶ ቢያነሳም ሴንሰሩ ቀስ ብሎ ስለሚነበብ ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ አካል ይጣመማል። መካኒካሉ በሰከንድ 15 ያነሳል፣ ይበቃል።

አሮጌው ባለካሜራ
ስለ አየሩ የተባለውን እቀበላለሁ። ሆኖም 12 ሰዓት ላይ ገና ሳይነጋ በ8 አፐርቸር ምን እንደሚወጣ እናያለን።

መለኪያ
በዚያ ሰዓት 1/1000 አይገኝም፤ ቀበሮው ቆሞ ከሆነ በከረጢቱ ላይ አሳርፈው ወደ 1/250 ይውረዱና ብዙ ያንሱ፣ ከመካከላቸው የረጋ ይገኛል። ብርሃኑ ሲጨምር ፍጥነቱን መልሰው ከፍ ያድርጉት። ፎቶውን በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ማስቀመጥዎን አይርሱ።

የጎባ እንግዳ (ጠያቂ)
ፊልተሩን ፈታሁት። ሽምብራ ከሆቴሉ ማድ ቤት ተገኝቷል፣ ሾፌሩም ማሞቂያው እንዲጠፋ በብዙ ልመና ተስማምቷል። 11 ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ የሆነውን እጽፍላችኋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለ ሦስት እግር
ማረጋጊያው በከረጢት ላይ ሲሆን በርቶ ይቆይ፤ የሚጠፋው ትራይፖድ ላይ ብቻ ነው።

የሐይቅ ዳር
ጠያቂው ከተመለሱ ሳምንት አለፈ፣ እኛም ውጤቱን እየጠበቅን ነው። እስከዚያው የእኔን ልጠይቅ፦ ላንጋኖ ዳር በእኩለ ቀን በዚሁ ሌንስ ያነሳኋቸው ወፎች እንዲሁ ሞገድ ሆነውብኛል፤ እኔ ግን መኪና ውስጥ አልነበርኩም።

የሰሜን ብርድ
የእርስዎ ደግሞ ከጋለው አሸዋ የሚነሣው አየር ነው። ማለዳ ይሂዱ፤ አሸዋውን አሻግረው ሳይሆን ውኃው ጠርዝ ላይ ሆነው የቀረበውን ወፍ ያንሱ።