በክረምት ተራራ ላይ እርጥብ እንጨት እንዴት ነው የሚነደው?

መንገደኛው
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ነሐሴ ሦስት ሆነን ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጥተን ነበር። ከሰዓት ዝናብ ያዘን። ማታ እንጨት ከመሬት ለቃቅመን ከመርን፣ አንድ ሙሉ ክብሪት ጨረስን፣ ያገኘነው ጭስ ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛችን ሲንቀጠቀጥ አደረ፣ በጣም ነው የፈራሁለት። ዘንድሮም ልንወጣ ነው። ያለን ቢላ፣ ትንሽ መጥረቢያና ክብሪት ነው። ቤንዚን እንያዝ?

የደላንታ ልጅ
ቤንዚን በፍጹም! ትነቱ ነው ቀድሞ የሚቀጣጠለው፣ ፊት ያቃጥላል። ደግሞ ቦግ ብሎ ይጠፋል እንጂ እርጥብ እንጨት አያደርቅም።
የተሳሳታችሁት ከመሬት መልቀማችሁ ላይ ነው። እሱ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ነው። ቆሞ የደረቀ፣ ወይም ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ፈልጉ፤ ስትሰብሩት ቀጭ ይላል። ክንድ የሚያህለውን ፍለጡት፣ ውጪው ቢረጥብም ልቡ ደረቅ ነው። ከዚያ ልቡን በቢላ ስስ ስስ አድርጋችሁ ላጡት፣ ግን እስከ መጨረሻው አትቁረጡት፣ ልጣጩ ተጠቅልሎ እዚያው እንጨቱ ላይ ይቅር። እንዲህ ያለ አምስት ስድስት ሳታዘጋጁ ክብሪት አትጫሩ። እኛ ከብት ስንጠብቅ የጥድ ቅርፊት ከዝናብ ከተከለለው ጎን ልጠን በመዳፋችን እናሸው ነበር፣ እንደ ወፍ ጎጆ ሲሆን እሳት ቶሎ ይይዛል።

እናት ዓለም ከኩታበር
ልጆቼ፣ ከቤት ስትወጡ ሦስት አራት ደረቅ ኩበት በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ለመያዝ ይዘገያል እንጂ አንዴ ከያዘ ፍሙ አይከዳም። የጧፍ ቁራጭም አይጥፋችሁ፣ ክብሪት ቶሎ ያልቃል፣ እሱ ግን ነበልባሉን ይዞ ይቆያል። ጭቃው ላይ አታንድዱ፣ መጀመሪያ ፍልጥ አንጥፉበት። ጭራሮው ሳይያዝ ወፍራም አትጫኑበት፣ እርጥቡን ዙሪያውን ደርድሩት፣ እየሞቀ ይደርቃል። እፍ ስትሉም ከስሩ፣ በቀስታ።

መንገደኛው
እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝናቡ አላቆም ቢልስ፣ ድንኳን ውስጥ ፍም ብናስገባ?

የደላንታ ልጅ
እንዳታደርጉት ወንድሜ! ጭስ የሌለው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ። ይልቅ ሸራ ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩና ከስሩ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ ቦታ አንድዱ። ለጉልቻ ደግሞ ከወንዝ ድንጋይ አታምጡ፣ ውስጡ ውሃ ካለ ሲግል ይፈነዳል።
አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ቦታው ጥብቅ ነው፣ አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ከቆመበት አትቁረጡ። ከላይ ያለው ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክልና ሣር ነው፣ እንጨታችሁን ከታች መንደር ገዝታችሁ በአህያ አስጭኑ።

መንገደኛው
ገባኝ። ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ ግቢያችን ውስጥ በአንድ ክብሪት እሞክረዋለሁ፣ ልጣጩ ካልያዘልኝ ተመልሼ እጠይቃለሁ።