ለቀጠሮ ፕለጊናችን ሪአክት ይሻላል ወይስ ሌላ? ክርክር

የለገሀሯ (ጠያቂ)፦ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ድረ ገጽ መሥሪያ ለሆነው ለዎርድፕረስ የቀጠሮ ማስያዣ ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) እየሠራን ነው። ደንበኞቻችን የጥርስ ክሊኒኮችና ፎቶ ቤቶች ናቸው። ታካሚው በስልኩ ገብቶ «ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ ይመርጣል፤ የክሊኒኩ ጸሐፊ ደግሞ በኮምፒውተር ቀጠሮዎቹን ታያለች፣ ታዛውራለች፣ ትሰርዛለች። የፒኤችፒው፣ ማለትም በሰርቨር በኩል ያለው፣ ሥራ አልቋል። የፊት ገጹን በየትኛው ፍሬምወርክ (ብሮውዘር ላይ ለሚሠራው የጃቫስክሪፕት ቋንቋ የተዘጋጀ ማዕቀፍ) እንሥራ በሚለው ላይ ግን ቢሮው ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ሪአክት ይላል፣ ግማሹ ቩ። እኔ ወደ ቩ አዘነብላለሁ። ለመማር ቀላል ነው፣ አዲስ ሠራተኛም ቶሎ ይገባዋል። እስቲ ተከራከሩኝ።

የአራት ኪሎው፦ እህቴ፣ በራሱ የቆመ ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ እኔም ቩን እመርጥ ነበር። ፕለጊን ግን ሰው ቤት የሚገባ እንግዳ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ምርጫውን ከጨረሰ ቆይቷል። ዎርድፕረስ 5.0 እ.ኤ.አ. በ2018 ማብቂያ ላይ ሲወጣ ጉተንበርግ የተባለውን አርታኢ ይዞ መጣ፤ ጉተንበርግ የተሠራው በሪአክት ነው። ስለዚህ ሪአክት ከዎርድፕረሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አዝራሩም፣ ብቅ ባይ መስኮቱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ቩን ካመጣችሁ ያንን ሁሉ ከዜሮ ትሠራላችሁ፣ መልኩም ከቀረው የአስተዳደር ገጽ ጋር አይገጥምም።

ደግሞ የራሳችሁን ሪአክት በፕለጊኑ ውስጥ አሽጋችሁ እንዳትመጡ። የእናንተ ቅጂና የዎርድፕረሱ ቅጂ አንድ ገጽ ላይ ሲደባለቁ «ኢንቫሊድ ሁክ ኮል» የሚል ቀይ ስሕተት ይወጣል፤ ኮዳችሁ ግን ምንም እንከን የለበትም። መንስኤውን ስትፈልጉ ሌሊቱ ይነጋል። «ዎርድፕረስ ስክሪፕትስ» የተባለው መሣሪያ ሪአክትን ሳያሽግ ከቤቱ ሪአክት ጋር ያገናኝላችኋል።

የፒያሳው አንጋፋ፦ ልጄ፣ ቤቱ ምርጫውን እንዴት እንደጨረሰ ብታስታውስ ኖሮ እንዲህ ባልተማመንክ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ከዎርድፕረስ መሥራቾች አንዱ ማት ሙለንወግ በሪአክት የፈቃድ ውል ውስጥ ስለ ፓተንት በገባው አንቀጽ ምክንያት ዎርድፕረስ ሪአክትን ሊተው መሆኑን አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ የሪአክት ባለቤት ፌስቡክ ፈቃዱን ኤምአይቲ ወደሚባለው ልቅ ፈቃድ ቀየረና ነገሩ በረደ። ባይቀይርስ ኖሮ? አንጉላርጄኤስ በተባለው ሌላ ፍሬምወርክ ኑሮአቸውን የመሠረቱ ሰዎች በ2016 አንጉላር 2 ሲመጣ የድሮ ኮዳቸውን እንዳለ ይዘው መሻገር አልቻሉም። የቩ 2 ድጋፍም በ2023 ማብቂያ ላይ ተቋርጧል። የፒያሳ ስንቱ ቤት ፈርሷል፤ እኔ በ2005 ዓ.ም. ጄኪውሪ በተባለው የቆየ የጃቫስክሪፕት ኮድ ስብስብ የጻፍኩት ቅጽ ግን ዛሬም ይሠራል።

የታካሚው ገጽ ምን አለበት? ቀን፣ ሰዓት፣ ስልክ ቁጥርና አንድ አዝራር። ለዚህ ብሎ ታክሲ ውስጥ በሚቆራረጥ ኔትወርክ ላይ ላለ ሰው፣ ሲታመቅ እንኳ ከ40 ኪሎባይት በላይ የሆነ ሪአክት መጫን ግፍ ነው። በንጹሕ ጃቫስክሪፕት፣ ያለ ፍሬምወርክ፣ ጻፉት።

የሜክሲኮው ተማሪ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ቅለት ስቬልት በተባለው ፍሬምወርክ ላይ አለ። የጻፍነውን አስቀድሞ ወደ ተራ ጃቫስክሪፕት ስለሚቀይረው ታካሚው ስልክ ላይ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ለምንድን ነው ማንም የማያነሣው?

የአራት ኪሎው፦ አንተ ስትመረቅና ሥራ ስትቀይር ኮዱን ማን ይረከበዋል? የሪአክት ባለሙያ ማስታወቂያ ቢወጣ አመልካች አይጠፋም። የስቬልት ባለሙያ ግን ከሜክሲኮ እስከ ስድስት ኪሎ ብትዞር እንጃ።

የካዛንቺሷ፦ ስንት ሰዓት ሙሉ ስለ ዕቃው ተከራከራችሁ፣ ስለ ሥራው ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። ቀን መምረጫውን ማን ይሠራዋል? ጠያቂዋ «ጥቅምት 12» ብላለች እኮ! የዎርድፕረስ የራሱ ቀን መምረጫ በጎርጎርዮስ ነው። የብሮውዘሩም እንዲሁ። በየፍሬምወርኩ የምታገኟቸው ዝግጁ ቀን መምረጫዎች አብዛኞቹ ዓመት 12 ወር ነው ብለው የተጻፉ ናቸው፤ ጳጉሜን ስትመጣ ወይ መስከረም ውስጥ ይከቷታል ወይ ይዘሏታል።

ብሮውዘሩ «ኢንትል» በተባለው ክፍሉ የጎርጎርዮስን ቀን ተቀብሎ በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ያሳያችኋል። ታካሚው የመረጠውን የእኛን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ መመለስ ግን የእናንተ ሥራ ነው። ስሌቱን ሪአክት ክፍል ውስጥ ከጻፋችሁት ታስራችሁ ቀራችሁ። ቩም ውስጥ ቢሆን ያው ነው። ስሌቱ ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ፣ ስለ ገጹ ምንም የማያውቅ የብቻው ፋይል ይሁን። መረጃ ቋቱ ውስጥ በጎርጎርዮስ አስቀምጡ፤ የእኛ ቀንና የእኛ ሰዓት በሚታይበት ቦታ ብቻ ይምጣ።

መፈተኛውም ቀላል ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ስጡት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካላለ ወድቋል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የጻፈ ሰው ክሊኒኩን በዘመነ ሉቃስ ማግስት በአንድ ቀን ያሳስተዋል፤ ታካሚውም ጥርሱን ይዞ የተዘጋ በር ያንኳኳል።

የፒያሳው አንጋፋ፦ ይህች ልጅ ትባረክ።

የአራት ኪሎው፦ ስለ ስሌቱ እስማማለሁ፤ የአስተዳደር ገጹ ግን አሁንም ያለ ሪአክት አይታየኝም። ጸሐፊዋ ቀጠሮ ስታዛውር ሠንጠረዡ፣ የቀረው ክፍት ሰዓትና የሐኪሙ ዝርዝር አብረው መለወጥ አለባቸው። ይህንን በጄኪውሪ የሞከረ ሰው አንዱን አድሶ ሌላውን ይረሳል።

የለገሀሯ (ጠያቂ)፦ ቩን ተውኩት። የስሌቱን ፋይል ነገ ለብቻው እንጽፋለን። የጸሐፊዋ ገጽ በዎርድፕረሱ ሪአክት ይሠራል፣ የታካሚው ገጽ ደግሞ ያለ ፍሬምወርክ። ቢሮ ውስጥ የሪአክቱ ወገን አሸነፍኩ ብሎ ቡና እያስከፈለ ነው፤ ግማሹን ብቻ እንዳሸነፈ አልገባውም።

የፒያሳው አንጋፋ፦ እኔ አሁንም አልተስማማሁም። ፕለጊኑን በዎርድፕረስ የፕለጊን ማውጫ ላይ ለማውጣት ካሰባችሁ፣ ከታመቀው ፋይል በተጨማሪ ሰው የሚያነበው ዋናው ኮድ የት እንደሚገኝ ማሳየት ግዴታ ነው። በንጹሕ ጃቫስክሪፕት ብትጽፉት የምታወጡት ራሱን ዋናውን ኮድ ነበር።

የሜክሲኮው ተማሪ፦ የስሌቱን ፋይል ስታወጡት አሳውቁኝ፤ ስቬልት ላይ እሞክረዋለሁ።