በአሮጌ መጽሔት ንድፍ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ፕሮጀክተር መሥራት፦ የትኛው ክፍል እንዳለ ይቆይ፣ የትኛውስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ የቴክኒክ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ሸዋ ሮቢት በሚገኝ አንድ የዘመድ መጋዘን ውስጥ በቆርቆሮ ሣጥን ተዘግተው ለብዙ ዓመታት የቆዩ የ16 ሚሊ ሜትር የፊልም ጥቅሎች አግኝቻለሁ። በሣጥኖቹ ላይ ከተጻፈው እንደምረዳው አብዛኞቹ ስለ እርሻና ስለ ጤና የሚያስተምሩ ናቸው። ማሳያ መሣሪያ ግን አብሮ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የታተመ የአንድ የአሜሪካ የእጅ ሥራ መጽሔት ቅጂ እጄ ላይ ይገኛል፤ በውስጡ ከእንጨትና ከላሜራ ፕሮጀክተር ለመሥራት የሚያስችል ንድፍ ከነልኬቱ አለ። ተማሪዎቼ መሣሪያውን በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ ቆሞ የሚታይ ሥዕል እንዴት ተንቀሳቃሽ እንደሚሆን በዓይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

ንድፉ በ110 ቮልት የሚሠራ ባለ 500 ዋት አምፖል፣ በደቂቃ 1,725 ጊዜ የሚዞር ሞተር እና ውስጡ በአስቤስቶስ የተለበጠ የመብራት ቤት ይጠይቃል። ልኬቶቹ ሁሉ በኢንች ናቸው። ፊልሙን የሚጎትተው ጥፍር በአንድ ጊዜ 3/10 ኢንች እንዲወርድ ታዟል፤ ለሥራ እንዲቀል 7.5 ሚሊ ሜትር ብናደርገው ችግር አለው? በአጠቃላይስ ከዚህ ንድፍ ምኑን መከተል፣ ምኑን መተው ይገባኛል?

መልስ፦ የቀድሞ የፊልም ማሳያ ቴክኒሻን

መምህር፣ ሐሳብዎ በጣም የሚደገፍ ነው። ሆኖም ንድፉን ከመንካትዎ በፊት ፊልሞቹን ይመርምሩ፤ ማሽን ቢበላሽ ሌላ ይሠራል፣ የተቀደደ ፊልም ግን አይተካም።

የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እ.ኤ.አ. በ1923 ለሽያጭ ሲቀርብ የተሠራው አሴቴት በተባለ፣ በቀላሉ በማይቀጣጠል ፕላስቲክ ላይ ነበር። ስለዚህ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለ35 ሚሊ ሜትር ሲያገለግል የነበረውና ውኃ ውስጥ ቢገባ እንኳ መንደዱን የማያቆመው የናይትሬት ፊልም ሥጋት እዚህ ላይ የለብዎትም። ከሣጥኖቹ መካከል 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ከተገኘ ግን ምንነቱ ሳይታወቅ ማንም ሰው ብርሃን ፊት እንዳያቀርበው። አሴቴትም የራሱ በሽታ አለው፤ በሙቀትና በእርጥበት ሲጎዳ ይኮማተራል፣ የአቼቶ ሽታም ያመጣል። ፊልሞቹ የቆዩት ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚሸቱትን ከማይሸቱት ለይተው ያስቀምጡ፤ ሽታው የሚመነጨው ከአሲድ ነው፣ አሲዱም ወደ ጤነኞቹ ይተላለፋል። ደብረ ብርሃን ማምጣትዎ በራሱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብርዱ ለፊልም ይስማማል።

መኮማተሩን ለማወቅ ፊልሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከአንድ ቀዳዳ ጠርዝ ተነሥተው 100 ክፍተት ይቁጠሩና በሜትር ይለኩ። ያልተኮማተረ ፊልም 762 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ754 በታች ከወረደ ከ1 በመቶ በላይ አጥሯል ማለት ነውና በቤት በተሠራ ማሽን አያሳልፉት።

ስለ ጥፍሩ የጠየቁትን በተመለከተ፣ 3/10 ኢንች ማለት 7.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀትም ይኸው ነው። ጥፍሩ 7.5 ብቻ ከወረደ ፊልሙ ሙሉ ሥዕል አይራመድም፤ ጥፍሩም በሚቀጥለው ዙር ቀዳዳውን ስቶ ጠርዙን ይቀዳል። በጥቂቱ ቢበልጥ ይሻላል እንጂ ፈጽሞ እንዳያንስ።

ከሁሉ በላይ ሊያስቡበት የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ንድፉ የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ሥራ ነው። የዚያን ጊዜ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በሁለቱም ጠርዝ ቀዳዳ ነበረው፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የመጣው ባለድምፅ ፊልም ግን በአንዱ ጠርዝ ብቻ ነው ቀዳዳ ያለው፤ በሌላው ጠርዝ በኩል የድምፁ መስመር ያልፋል። መጽሔቱ እንደሚያዘው በሁለት በኩል ጥርስ ያለው መዘውር ከሠሩ፣ ጥርሶቹ የድምፁን መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየበሱት ይሄዳሉ። ስለዚህ ጥርሱ በአንድ በኩል ብቻ ይሁን።

መልስ፦ የቶርኖ ቤት ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ የጋሼ ቴክኒሻኑ ምክር ትክክል ነው። እኔ በበኩሌ ስለ ሞተሩ ልጨምር። 1,725 ዙር የአሜሪካው የ60 ኸርዝ ሞተር ፍጥነት ነው። በእኛ 50 ኸርዝ መብራት ተመሳሳዩ ሞተር በደቂቃ 1,425 ያህል ይዞራል። ንድፉ ዋናው ዘንግ በሰከንድ 16 ሥዕል፣ ማለትም በደቂቃ 960 ዙር እንዲሠራ በፑሌጃ (ቺንጋ በሚዞርበት መንኮራኩር) ፍጥነቱን ቀንሷል፤ በእኛ ሞተር ይህንኑ ፑሌጃ ብንጠቀም ወደ 13 ሥዕል ይወርዳል። የእርስዎ ፊልሞች ባለድምፅ ከሆኑ የሚያስፈልጋቸው በሰከንድ 24 ነው፤ 24 በ60 ሲባዛ 1,440 ይሆናል። ስለዚህ በሞተሩና በዘንጉ ላይ እኩል ፑሌጃ አድርጎ በቺንጋ ማገናኘት ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ልዩነቱ ከ1 በመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ጆሮ አይለየውም።

ባለጥርሱን መዘውር ቶርኖ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ 8 ጥርስ ከሆነ ፊልሙ የሚያርፍበት ዲያሜትር 19.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ጥርሱን በሞረድ ማስተካከል ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከወደቀ ፕሮጀክተር የተነቀለ መዘውር ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ። ንድፉ ዘንጉን በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ እንዲዞር ያደርገዋል፤ በዚህ ፋንታ ትናንሽ ኩሽኔታዎች ይግቡበት። እንጨቱ ለሣጥኑ ብቻ ይቅር።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ሲና

ስለ ብርሃኑ እኔ ልናገር። አስቤስቶሱ ያለ ምንም ማመንታት ይቅር፤ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የካንሰር መንስኤ ነው፣ ተማሪዎች ባሉበት ሊታሰብም አይገባም። መጽሔቱ ፊልም ማጽጃ ብሎ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚያዝ ከሆነም ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነውና ይተውት፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ባለ 500 ዋቱን አምፖልም በኤልኢዲ ይተኩት። አሮጌው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን የሚለውጠው ወደ ሙቀት ስለሆነ፣ ፊልሙ ብርሃን በሚያልፍበት መስኮት ፊት ለቅጽበት ቢቆም ይቃጠላል። በተጨማሪም ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠለል አካባቢ ካለው አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው፤ ለቆላ አገር የታሰበ ማራገቢያ እዚያ ያንኑ ያህል አያቀዘቅዝም። ኤልኢዲ ሲመርጡ ብርሃን የሚወጣበት ገጹ ትንሽ የሆነውን ይምረጡ። የ16 ሚሊ ሜትር ሥዕል ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላምና፣ ከሰፊ ገጽ የሚወጣ ብርሃን ምንም ያህል ሌንስ ቢደረደርለት አብዛኛው መስኮቱን ስቶ ይባክናል። ኃይሉም የተስተካከለ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሁን፤ ብልጭ ድርግም በሚያደርግ ማደብዘዣ የሚሠራ ከሆነ ከሻተሩ (ፊልሙ ሲንቀሳቀስ ብርሃኑን ከሚጋርደው ተሽከርካሪ ዲስክ) ክንፎች ጋር እየተጋጨ ግድግዳው ላይ የሚንቀጠቀጥ ጥላ ያመጣል።

ሻተሩን በተመለከተ፣ ንድፉ ለ16 ሥዕል ሦስት ክንፍ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ጊዜ 16 በሰከንድ 48 ብልጭታ ነው። በ24 ሥዕል ሁለት ክንፍ ያንኑ 48 ስለሚሰጥ፣ አንዱን ክንፍ ቀንሰው ብዙ ብርሃን ያተርፋሉ።

ጠያቂው፦ የቴክኒክ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፊልሞቹን አየኋቸው፤ ቀዳዳቸው በአንድ ጠርዝ ብቻ ነው። መዘውሩ ንድፉ እንደሚለው ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ድምፃቸው ይጠፋ ነበር። ከጥቅሎቹ አንዱ አቼቶ ይሸታል፣ እርሱን ለይቼዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ፊልሙ የሚያልፍበትን መስኮት ከነሐስ ወይስ ከብረት እናድርገው? ጥፍሩና ሻተሩስ መገጣጠማቸው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ የቀድሞ የፊልም ማሳያ ቴክኒሻን

ነሐስ ለተማሪዎች ለመሞረድ ይቀላል፣ በደንብም ይወለወላል፤ ለእናንተ እርሱ ይበቃል። ዋናው ነገር መካከሉ ጥቂት ጎድጎድ ብሎ፣ ሥዕሉ ብረት ሳይነካ ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ተደግፈው እንዲያልፉ ማድረግ ነው። ከፊልሙ ላይ የሚራገፍ ቅባትና ብናኝ መስኮቱ ላይ ሲጠነክር በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ይፋቅ፤ ምላጭ ካስነኩት የሚቀረው ጭረት ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ፊልም ሁሉ ያሰምርበታል። ከመስኮቱ በላይና በታች ፊልሙ ልል መታጠፊያ ሊኖረው ይገባል፤ ጥፍሩ የሚስበው ያንን ልል ክፍል እንጂ ከባዱን ጥቅል መሆን የለበትም።

የሻተሩን መገጣጠም በጽሑፍ ይፈትኑት። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ያለበትን ክፍል ያሳዩ፤ ነጩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደ ጭስ ከተሳበ፣ ፊልሙ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ክንፉ ቀድሞ ተከፍቷል ወይም ዘግይቶ ተዘግቷል። ክንፉን በዘንጉ ላይ በጥቂቱ እያዞሩ የነጩ መሳብ እስኪጠፋ ያስተካክሉ። ይህን ሁሉ የሚሞክሩት ማንም በማይፈልገው ቁራጭ ፊልም ይሁን። ሌንሱ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ8 ሜትር ርቀት 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ሥዕል ይሰጣችኋል፤ ለአንድ መማሪያ ክፍል በቂ ነው። ድምፁን ግን ለሁለተኛው ዙር አቆዩት፤ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ድምፁ ከሥዕሉ 26 ሥዕል ቀድሞ ስለሚታተም ማንበቢያው ራሱን የቻለ ሥራ ይጠይቃል።