የካንሰር መድኃኒት ለእማዬ ዓይን? የሚያውቅ ያስረዳኝ

የቧንቧውሃ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልጠይቃችሁ። እማዬ ስኳር ከያዛት 14 ዓመት አልፏታል። ከሁለት ወር በፊት ቡና እየቆላች "ቤቱ ውስጥ ጥላሸት ይበራል" አለችኝ። ቤቱ ውስጥ ምንም አልነበረም፣ ጥላሸቱ የነበረው ዓይኗ ውስጥ ነው። ያን ቀን ሦስተኛውን ስትቀዳ ሲኒውን ስታ ረከቦቱ ላይ አፈሰሰችው። በሕይወቴ አይቼባት አላውቅም።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዓይኗን በጠብታ አስፍተው አዩዋትና "ስኳሩ ሬቲናዋን፣ ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኗን የኋላ ሽፋን፣ ነክቶታል፣ አዲስ ደም ስር በቅሎ ደምቷል፤ አቫስቲን የሚባል መርፌ ዓይኗ ውስጥ ትወጋለች፣ ቀጥሎ ሌዘር" አሉን። ወረፋ ስለነበር ከዚያ በላይ የነገረን የለም። ቤት ስንገባ ታናሽ እህቴ ስልኳ ላይ ፈለገችው። "የአንጀት ካንሰር መድኃኒት" ይላል። ጮክ ብላ አነበበችው፣ እማዬ ሰማች። ከዚያ ወዲህ "ካንሰር ይዞኝ ነው የደበቃችሁኝ" ብላ ቁጭ ብላለች። ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው፣ አልሄድም አለች። እንዴት ነው የካንሰር መድኃኒት ለስኳር ዓይን የሚሆነው? እኔም ሳይገባኝ ምን ልበላት?

የላብ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ። ይህ መርፌ ታዘዘላት ማለት ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። መጀመሪያ እሱን ንገርልኝ።

ባዮሜዲካል ነው የተማርኩት። የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ የአንድ ሰው ጥናቶች ውስጥ ወራት ከርሜያለሁ፣ ያንተ ጥያቄ መልስ እዚያ ውስጥ ስላለ ትንሽ ላስረዝም። ሰውየው ጁዳ ፎክማን ይባላል፣ አሜሪካዊ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በባሕር ኃይሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከፍሬድሪክ ቤከር ጋር የደም ምትክ የሚሆን ፈሳሽ እየሞከሩ ነበር። የጥንቸል ታይሮይድ አውጥተው በመስታወት ዕቃ ውስጥ በዚያ ፈሳሽ በሕይወት አቆዩት። ከዚያ የአይጥ ካንሰር ሴል ጨመሩበት። ካንሰሩ አደገ፣ አደገና ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ላይ ቆመ። ጤፍን ትንሽ ቢበልጥ ነው። አልሞተም ግን። መልሰው አይጥ ውስጥ ሲከቱት እንደገና ተስፋፋ። ልዩነቱ ምንድነው? አይጡ ውስጥ ደም ስር ወደ ካንሰሩ ገባ፣ መስታወቱ ውስጥ አልገባም።

ፎክማን ይህን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ጻፈ። ካንሰር "ደም ስር አብቅልልኝ" የሚል መልእክት ይልካል፣ መልእክቱን ብንዘጋው ካንሰሩ ጤፍ እንዳከለ ይቀራል አለ። ለዓመታት ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ደም ስሩ የመጣው በብግነት ነው፣ ካንሰሩ አልጠራውም ይሉት ነበር። እሱ ግን ሥራውን አልተወም። እኔን በጣም የገረመኝ ደግሞ ማስረጃውን የት እንደፈለገ ነው፦ ዓይን ውስጥ። ኮርኒያ፣ ማለትም ጥርት ያለው የዓይን ፊት፣ ደም ስር የለውም። ስለዚህ የጥንቸል ኮርኒያ ላይ ቅንጣት የካንሰር ቁራጭ ሲቀመጥ አዲሱ ደም ስር ከዳር ተነስቶ ወደ ቁራጩ ሲሳብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካንሰርና ዓይን የተገናኙት ዛሬ በእናትህ ማዘዣ ላይ አይደለም፣ ያኔውኑ አብረው ነበሩ።

መልእክቱ ራሱ የታወቀው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የሃሮልድ ድቮራክ ቡድን ደም ስርን የሚያፈስ ፕሮቲን አገኘ። በ1989 ደግሞ ናፖሊዮን ፌራራ ደም ስር የሚያሳድግ አንድ ፕሮቲን ለየ፣ ቪኢጂኤፍ ይባላል። ኋላ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አቫስቲን ይህንን ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ አካል ነው፣ ካንሰሩን ራሱን አይነካም።

አሁን ወደ እማ ዓይን። ስኳር ለዓመታት የሬቲናን ቀጫጭን ደም ስሮች ይዘጋል። ሬቲናው ኦክስጅን ሲያጥረው ያንኑ ቪኢጂኤፍ ይለቃል። ሰውነት ደም ስር ያበቅላል፣ ግን በጥድፊያ የበቀለ ስስ ነገር ስለሆነ ያፈሳል፣ ይደማል። ያየችው ጥላሸት ያ ደም ነው። በ1994 የቦስተን ተመራማሪዎች ከሕሙማን ዓይን ፈሳሽ ወስደው ለክተው ነበር፣ አዲስ ደም ስር እየበቀለባቸው ባሉ የስኳር ሕሙማን ላይ ቪኢጂኤፉ ከፍ ብሎ ነው የተገኘው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦
የቤተ ሙከራውን ነገር ልጁ ጨርሶታል፣ እኔ የሆንኩትን ልንገርህ። ራሴ 5 ጊዜ ተወግቻለሁ። ዓይን ውስጥ መርፌ ሲባል እኔም ጉልበቴ ከድቶኝ ነበር። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ጠብታ ያደርጉልሃል፣ ከዚያ በአዮዲን ያጥባሉ። ከሁሉም የሚያቃጥለው እሱ ነው። የዓይንህን ቆብ በትንሽ ሽቦ ከፍተው ይይዙትና ወደ ላይ ተመልከት ይሉሃል። ግፊት ተሰማኝ፣ ሕመም አልለውም። መድኃኒቱ ሲገባ ጢስ ውኃ ውስጥ ሲጠመዘዝ የመሰለ ነገር አየሁ። በማግስቱ ትንሽ ጥቁር ክብ ነገር ከሥር ስትንከባለል ነበር፣ የአየር አረፋ ነው አሉኝ፣ ጠፋች።

የማዝንበት ግን አለ። ከሁለተኛው በኋላ ሲሻለኝ ሥራ በዝቷል ብዬ አራት ወር ቀረሁ። ደሴ ለመውጣት እኮ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ተመልሶ ደማ። ያጣሁት እይታ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። እናትህን አንድ ቀን ይዘህ መሄድ አይበቃም ወንድሜ፣ ቀጠሮውን ሁሉ ተከታተልላት።

ፋርማሲ ሸዋ በር፦
ሰውን የሚያስደነግጠው ስሙ ነው፣ መጠኑን ያየ አይደነግጥም። ለአንጀት ካንሰር በደም ስር የሚሰጠው በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው፣ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 300 ሚሊግራም ማለት ነው፣ ያውም በየሁለት ሳምንቱ። ዓይን ውስጥ የሚገባው 1.25 ሚሊግራም ነው። ፀጉር የሚያረግፈው ኬሞ ከሚባለው ጋር አታገናኙት።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአንጀት ካንሰር ነው የተፈቀደው፣ ወረቀቱ ላይ ካንሰር የሚለውም ለዚህ ነው። በ2005 ፊሊፕ ሮዘንፌልድ የተባለ የማያሚ የዓይን ሐኪም ዓይን ውስጥ ሞከረው። በ2011 በእርጅና ለሚመጣ የዓይን ሕመም ከውዱ የዓይን መርፌ ከሉሴንቲስ ጋር ተወዳድሮ ከአንድ ዓመት በኋላ እይታው እኩል ሆኖ ተገኘ። በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ለዓይን ብሎ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። የኛ አገር ሰው የሚያገኘውም ርካሽ ስለሆነ ነው።

የላብ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጨምርብህ። ሰው አንብቦ ካንሰር ቀረ እንዳይል። በ2004ቱ ጥናት ከኬሞ ጋር ሲሰጥ አማካይ ዕድሜን ከ15.6 ወደ 20.3 ወር ነው ያራዘመው። ለቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፣ ፈውስ ግን አይደለም። ዓይን ላይ ነው ይበልጥ የጠቀመን።

እናትህ በቅርብ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ካጋጠማት ከመወጋቷ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። ከተወጋች በኋላ ዓይኗ እየቀላ፣ እያመማት፣ እየደበዘዘባት ከሄደ ነገን አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዳት።

የቧንቧውሃ ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ጤፍ መዳፌ ላይ ይዤ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰምታ "ታዲያ ዓይኔ አየር አጥሮት ነው የጮኸው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌዘሩስ ለምንድነው አለች፣ እሱን አላወቅኩትም።

የላብ ልጅ፦
እማ ከተማሪዎቼ በላይ ገብቷታል። ሌዘሩ የሬቲናውን ዳር ዳር ይተኩሳል። የተተኮሰው ቦታ ኦክስጅን መፈለጉን ይተዋል፣ መልእክት መላክም ያቆማል። የመሃሉ እይታ እንዲተርፍ ዳሩ ይሰዋል። የመርፌው ኃይል በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፣ ሌዘሩ ይቆያል። ቀጠሮ ለመመላለስ ለሚቸገር ሰው ሐኪሞች ሌዘሩ ላይ አጥብቀው የሚይዙትም ለዚህ ነው። ስኳሯንና ግፊቷን ግን አብራችሁ ያዙ፣ ደም ስሩን የሚዘጋው እሱ ነው።

የቧንቧውሃ ልጅ፦
ሐሙስ ተወጋች። "ጢስ አየሁ" አለች፣ ልክ ቦርከና ማዶ እንዳለው። ዛሬ ጠዋት ዓይኗ አልቀላም፣ አላመማትም። ቀጣዩ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ቀኑን በጓዳው በር ላይ በጠመኔ አጻፈችኝ፣ ትልቅ አድርገህ ጻፈው ብላ።