«ማሽን የቀባው» አውሮፕላን የእጅ ሥራ አይደለም?

ሐይቅ ዳር፦
ቅዳሜ ዕለት እዚህ ሐዋሳ በተካሄደው የተማሪዎች የእጅ ሥራ ውድድር ላይ የተባለው ነገር እስካሁን እንቅልፍ ነስቶኛል። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በ1/72 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አሳንሶ የሠራውን የዲሲ-3 አውሮፕላን ሞዴል አቀረበ። በ1938 ዓ.ም. የአየር መንገዳችንን የመጀመሪያ በረራ ወደ ካይሮ ያደረገውን አውሮፕላን አስቦ ነው የሠራው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዳኞቹ አንዱ ብድግ አድርገው አዩትና «ይህ ማሽን የቀባው ነው፤ የእኛ ውድድር የእጅ ሥራ ነው» ብለው የቀለሙን ነጥብ በሙሉ ነፈጉት። ልጁን ኤርብረሽ፣ ማለትም ከኮምፕሬሰር በሚመጣ አየር ቀለም የሚረጨውን በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። 4 ወር ፈጅቶብናል። የመጀመሪያውን ወር ሞዴል የሚባል ነገር አልነካም፤ ቀለም ጠብ ያለበት ውሃ እየሞላ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነጥብና መስመር ሲረጭ ነበር። ለዚህ ልጅ «ማሽን የቀባው» ይባላል?

የአቶቴው መምህር፦
ዳኛ አልነበርኩም፤ ብሆን ግን ያንኑ አደርግ ነበር። ማስታወቂያው «በእጅ የተሠራ» ይላል። ሌሎቹ ልጆች ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በገዙት ብሩሽ ቀብተው መጡ። ኮምፕሬሰር ያለው አስተማሪ ያገኘው አንዱ ብቻ ነው። ማሽን ማሽን ነው።

ጋራዥ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ «ማሽን ማሽን ነው» የሚለውን አልቀበልም። መኪና ስቀባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ኮምፕሬሰሩ የሚሰጠኝ አየር ብቻ ነው። እጄ አንድ ቦታ ከቆመ ቀለሙ ይወርዳል። ከራቀ ደግሞ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሻክራል። ረዳቶቼ ያበላሿቸውን በሮች በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና የቀባሁት በዚህ እጄ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁት የእጅ ሥራ ካልሆነ ምን ልበለው?

የአውሮፕላን ወዳጅ፦
አንድ እርማት። ወደ ካይሮ የበረረው ሲ-47 ነው፤ የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት። በግራ ጎኑ ያለው ትልቁ የጭነት በር ይለየዋል። ልጁ በሩን ሠርቶታል?

ሐይቅ ዳር፦
ሠርቶታል። እባክህ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። መምህር፣ ኤርብረሹ ባለ ሁለት ተግባር ነው፤ ጣት ወደ ታች ሲጫን አየር፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለም ይሰጣል። ቀለሙ የሚወጣበት አፍንጫ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ጀማሪ ሁሉ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይለቅና ጫፉ ላይ የቀረችው ጠብታ በሚቀጥለው ጭነት ክንፉ ላይ ትተፋለች። አየሩ ቀድሞ መጥቶ መጨረሻ መሄድ አለበት። ቀለሙም እንደ ወተት መቅጠን አለበት፤ ከወፈረ ይደፈናል፣ ከቀጠነ እንደ ሸረሪት እግር ይበታተናል። ልጁ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በጣቱ ነው። ጣት ደግሞ እጅ ላይ ነው።

ስፌት ቤት፦
እኔ ስለ አውሮፕላን አላውቅም፤ ስለ «ማሽን» ግን እናገራለሁ። በሲንጀር የሰፋሁትን ቀሚስ ሰው ሲያመሰግነኝ «እጅሽ ይባረክ» ይለኛል። «ማሽንሽ ይባረክ» ያለኝ የለም።

የአቶቴው መምህር፦
እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ አነሣሽው። ገበያ ወጥተሽ የእጅ ጥልፍና የማሽን ጥልፍ በአንድ ዋጋ ትገዢያለሽ? እናቶቻችን ይህን ልዩነት ያለ ዳኛ ያውቁታል። የእጅ ጥልፍ የሚወደደው ጊዜና ዓይን ስለሚበላ ነው። በብሩሽ የቀባው ልጅም እንደዚሁ።

ስፌት ቤት፦
የማሽን ጥልፍ የሚረክሰው ንድፉ አንዴ ከገባ በኋላ አንድ ዓይነት መቶ ቀሚስ ስለሚያወጣ ነው። ይህ ኤርብረሽ የተባለው ንድፍ ይገባለታል?

ጋራዥ፦
አይገባለትም።

የአቶቴው መምህር፦
ንድፍ ባይገባለትም አየሩን የሚገፋው ሞተር ነው። መብራት ቢጠፋ ልጁ ይቀባል?

ከአዳማ፦
ታንክ ያለው ኮምፕሬሰር መብራት ቢጠፋም ለጥቂት ደቂቃ ያሠራል። እዚህ አዳማ ሙቀቱና ነፋሱ ነው ፈተናችን፤ አክሪሊክ ቀለም የኤርብረሹ መርፌ ጫፍ ላይ ይደርቅብናል። ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ማዘግያ ጠብ አድርጌ በ15 ፒ.ኤስ.አይ. የአየር ግፊት አካባቢ እሠራለሁ፤ በየጥቂት ደቂቃውም ጫፉን በእርጥብ ጥጥ እጠርጋለሁ። ለጀማሪዎች ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ተውሳችሁ በክረምት አትርጩ። ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ከቀለሙ ጋር ይወጣና ያለቀውን ክንፍ ያበላሸዋል። የውሃ ማጣሪያ ግዴታ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
እኛም የተጠቀምነው የጎሚስታ ነው፤ ማጣሪያ ገጥመንለት። ስለዚህ መምህር፣ «ኮምፕሬሰር ያለው አስተማሪ» የተባልኩት እኔ ኮምፕሬሰር የለኝም።

የአንድ ልጅ እናት፦
የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ልጄም ይህን ሥራ ጀምሯል። ቲነር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይረጫል፤ ከዚያ ራቱን ሳይበላ ራሴን አመመኝ ይላል። ስለ ነጥብ ስትከራከሩ ስለ ሳንባ የጠየቀ አለ?

ሐይቅ ዳር፦
እውነትሽን ነው እህቴ፣ ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ። የጨርቅ ጭንብል የቲነር ሽታን አያቆምም፤ የጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭንብልና ወደ ውጭ አየር የሚስብ ማራገቢያ ያስፈልጋል። ይህ እስኪሟላ ድረስ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይጠቀም። እሱንም ቢሆን መስኮት ከፍቶ፣ ጭንብል አድርጎ።

የአቶቴው መምህር፦
እናቲቱ የተናገሩት ለእኔ ሐሳብ ማስረጃ ነው። ብሩሽ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በብሩሽ ሁለት ሦስት ስስ ንብርብር እየደረቡ፣ እያንዳንዱን እያደረቁ የሚሠሩ ልጆች አሉኝ፤ ሥራቸው ከዚያ አያንስም።

የአውሮፕላን ወዳጅ፦
መምህር፣ የተማሪዎችዎን ሥራ አይቻለሁ፤ የአብራሪው ክፍል በጣም ቆንጆ ነው፣ እዚያ ብሩሽን የሚተካ የለም። የብረቱ አካል ግን ሌላ ነው። በ1/72 ልኬት የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የቀለም ውፍረት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። የብሩሽ ጭረት ያለበት አልሙኒየም ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል። ልጁ ከሥር አንጸባራቂ ጥቁር፣ ከላይ ስስ የብር ቀለም የረጨው ለዚህ ነው። ጥቁሩ ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትቀመጥ በብሩ ውስጥ ትታያለች።

የአቶቴው መምህር፦
ታዲያ ውጤቱ የተለየ መሆኑን ራስህ መሰከርክ! የተለየ መሣሪያ፣ የተለየ ውጤት። ከብሩሽ ልጆች ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጥ የለበትም ማለት ይኸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ «ያለ ኮምፕሬሰር» ብሎ ይጻፍ፤ ሁሉም አውቆ ይገባል።

ጋራዥ፦
ይህን ቀድሞ መጻፍ ነበረበት። ተጽፎ ባልነበረ ደንብ ልጅ አይቀጣም።

ከአዳማ፦
ለምን «ያለ ኮምፕሬሰር»? ሁለት ምድብ ይደረግ።

የአቶቴው መምህር፦
በአንዱ ምድብ አንድ ልጅ ብቻውን ሊወዳደር?

ሐይቅ ዳር፦
የሚቀጥለው ዓመት ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ነው። የዘንድሮው ልጅ ዛሬ ከሰዓት ሞዴሉን በካርቶን ይዞ መጣና «በብሩሽ ደግሜ ብቀባው ይቀበሉኛል?» አለኝ። አትንካው አልኩት።

የአቶቴው መምህር፦
ቢሞክር ምን ይጎዳዋል? ብሩሽ መማርም ትምህርት ነው።

ጋራዥ፦
በሌላ ሞዴል ይማር። ያ የብር ቀለም በቲነር የቀጠነ ነው። ተመሳሳይ ቀለም በብሩሽ ቢያስኬድበት ቲነሩ የሥሩን ጥቁር አቅልጦ ያነሣዋል። የ4 ወሩ ሥራ በአንድ ምሽት ይጠፋል።

ስፌት ቤት፦
መምህር፣ ንድፍ ስለሚገባለት ማሽን የጠየቅኩትን እኮ አልመለሱልኝም።