ለሴት ልጃችን ብዙ ሰው ያልያዘው ስም እየፈለግን ነው፣ እርዱን

የሜሪላንዱ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ ሴት ናት ተብለናል። የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ስም ላይ ግን ተቸግረናል። ከዘመድ ልጆች ብቻ ሁለት ሶልያናና ሁለት ኤልዳና አሉ። እኛ ሀገርኛ፣ ትርጉም ያለው፣ ግን እንደ ልብ የማይሰማ ስም ነው የፈለግነው። ጰ፣ ጸ፣ ጨ ያለበት ባይሆን ደስ ይለኛል፣ የኔን ስም ሥራ ቦታ በየቀኑ ሲሰብሩት ስለምሰማ ለልጄ ይህን አልመኝላትም። እናቴም ከአዲስ አበባ ደውላ አንድ ስም ነግራኛለች። በጣም የድሮ ስም ስለሆነብኝ ዝም አልኳት፣ ግን ማስከፋትም አልፈልግም። ስም ስትጠቁሙን ከየት እንደመጣና ምን ማለት እንደሆነ ጨምሩልን።

የገራዶ ልጅ፦
እንኳን ደስ አላችሁ፣ በሰላም ትገላገል! እኔ ስኂን እላለሁ። ግዕዝ ነው፣ ዕጣን ማለት ነው። ማቴዎስ ወንጌል ላይ ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ሲመጡ ግዕዙ ዕጣኑን ስኂን ነው የሚለው። ደሴ ያደግን ሰዎች ስሙን የምናውቀው ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው፤ ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስሙን በሩ ላይ እያነበብኩ ስገባ ስወጣ ትርጉሙን አላውቅም ነበር፣ ኋላ ቄሱ አጎቴ ሲነግሩኝ ስሙ ሌላ ሆነብኝ። አጭር ነው፣ ፈረንጅም አይከብደውም። ናርዶስም ሽቱ ነው፣ ቢታንያ ላይ ማርያም የጌታን እግር የቀባችው፣ ግን እሱ አሁን በጣም በዝቷል።

ዲያቆኑ፦
ከመጽሐፍ ቅዱስ ከመረጣችሁ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ለምሳሌ ሩሃማ። ነቢዩ ሆሴዕ ልጁን መጀመሪያ ሎሩሃማ እንዲላት ነው የታዘዘው፣ ምሕረት ያላገኘች ማለት ነው። በኋላ ቁጣው ሲመለስ "ሎ"ው ወድቆ "እኅቶቻችሁን ሩሃማ በሉአቸው" ተባለ። በልጅቷ ስም ላይ የተጻፈ እርቅ ነው፣ ለኔ ከዚህ የሚበልጥ የለም።
ሎዛንም እወዳለሁ። ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረባት፣ መሰላሉን ያየባት ከተማ የቀድሞ ስሟ ነው። ጠዋት ሲነሳ ቤቴል አላት። ሁለተኛ ሴት ልጅ ከመጣች ሎዛና ቤቴል ማለት ትችላላችሁ።

ቢሾፍቱ፦
ከሁለት አንዳችሁ የኦሮሞ ወገን ካላችሁ ቢፍቱን እዩት። የምትወጣ ፀሐይ ማለት ነው። ደራርቱም ከአበባ ነው፣ የፈካች እንደማለት፣ በፈረንጆቹ 1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ዓለም ሁሉ ጠርቶታል። በነገራችን ላይ ጣይቱም ፀሐይ ነው፣ ጣይ የምንለው ማለት ነው። አዲስ አበባን አዲስ አበባ ያሉት እቴጌ ስም ሆኖ ልጁን ጣይቱ የሚል ሰው ማነሱ ይገርመኛል።

የአራት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣልህ። የድሮ ስም ያልከውን እንዳትንቅ። ድሮ ስም የሚወጣው ቤቱ ውስጥ ከሆነው ነገር ነበር። የኔ እናት ማስረሻ ትባላለች። ከሷ በፊት ሁለት ልጆች ሞተው ስለነበር ሐዘኑን ታስረሳን ብለው ነው። ካሳነሽ ከተባለች ለጠፋው ካሳ መጣች ማለት ነው፣ ምትኬ ካሏትም የሄደው ሰው ተተካ ማለት ነው። እኔ እናቴን ስለ ስሟ የጠየቅኳት አራት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ያን ቀን አብረን አለቀስን። አንተም እናትህን ለምን ይህን ስም እንደመረጠች ጠይቃት።
ደግሞም አንድ ስም ብቻ አይደለም የሚኖራት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ካህኑ ሌላ ይሰጧታል። እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸው የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር፤ ምንትዋብ ግን "ምን ትዋብ!" ነው፣ ውበቷን ያየ ሰው ያለው ይመስላል። አያትም የራሷን ብትጠራ ምን ይጎዳል?

የሜሪላንዱ አባት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ እናቴ የመረጠችው ስም ምትኬ ነው። አባቴ ያረፈው አምና ነው። እኔ ሥራና ወረቀት ይዞኝ ለቀብሩ አልደረስኩም። ጽሑፍዎን አንብቤ ወዲያው ደወልኩላት፣ እዚያ ሌሊት መሆኑን እንኳ ረስቼ። "እሱ ከሄደ ቤቱ ውስጥ የምጠራው ስም የለኝም" አለችኝ።
ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ስኂን ተብላ ትጻፋለች። እናቴ ምትኬ ትበላት፣ እኛም ቤት ውስጥ እንለምደዋለን።