የ9 ዶላር ማጣሪያ፣ የ62 ዶላር ማጓጓዣ

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ላሉ ቤተሰቦቻችን ትንሽ ዕቃ ከኢንተርኔት ስናዝ ማጓጓዣው የዕቃውን ዋጋ አምስት ስድስት እጥፍ የሚሆነው ለምንድን ነው ብላ የጠየቀችውን እህት ጥያቄ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ።

አባቴ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ ሚኒያፖሊስ ሊጠይቁን ሲመጡ የጆሮ መስሚያ ገዛንላቸው። መስሚያው ጫፉ ላይ የጆሮ ኩክ እንዳይገባበት የምትከለክል ማጣሪያ አለችው። ከምስር ፍሬ ታንሳለች። በወር አንዴ ገደማ መቀየር አለባት። ስንገዛ ትርፍ ያዙ ያለን ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም።

አባዬ ተመለሱ። ሦስት ወር ሳይሞላ ስደውልላቸው "እሺ፣ እሺ" ብቻ ማለት ጀመሩ። ያልኩትን ሳይሰሙ ነው እሺ የሚሉት። ወንድሜን ብጠይቀው፣ መስሚያው ተበላሽቷል ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ከተውታል። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ መውጣትም ትተዋል። ዋጋ ሲነግሯቸው አይሰሙማ። በቪዲዮ አሳየኝ ብዬ ሳየው ማጣሪያዋ ናት የተደፈነችው። ሌላ ምንም አልሆነም።

ስምንት ማጣሪያ የያዘው ካርድ 9 ዶላር ነው። መክፈያው ላይ ስደርስ ማጓጓዣ 62 ዶላር አለኝ። ለአባቴ ነው ብዬ ከፈልኩ። ዕቃው በአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ቆመ። ተረካቢው ራሱ ይምጣ ተባለ። ወንድሜ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ ጊቤን ተሻግሮ በወልቂጤ በወሊሶ አድርጎ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሄደ። ሁለት ሌሊት አልጋ ይዞ አደረ። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡና ቀረጡ ተደምሮ ስንት እንደሆነ ዛሬም ሊነግረኝ አይፈልግም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከዚያ በኋላ ጠይቄም አንብቤም የገባኝን ልንገራችሁ። ፈጣን መልእክት የሚያደርሱ ድርጅቶች በሚዛን ብቻ አይደለም የሚያስከፍሉት። ካርቶኑ የሚይዘውን ቦታም ያያሉ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ያባዙና አብዛኛውን ጊዜ ለ5000 ያካፍሉታል። ከሚዛኑ ከበለጠ የሚይዙት እሱን ነው። የኔ ማጣሪያ የመጣው 30 በ20 በ15 በሆነ ካርቶን ነበር። 9000 ለ5000 ሲካፈል 1.8 ኪሎ ይሆናል። ጥቂት ግራም ለሆነ ነገር የሁለት ኪሎ ያህል ከፍያለሁ ማለት ነው። የጅማ በርጩማ ወደዚህ ላስልክ ብሎ በዋጋው ደንግጦ እዚሁ የጻፈው ወንድማችንም ጉዳዩ ይኸው ነው። በርጩማው ባይከብድም ቦታ ይይዛል።

ቀረጡም አለ። አገራችን ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪ ይደመርበታል። 9 እና 62 ሲደመር 71 ዶላር ነው። ሌላውን ግብር ትተን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ ቢጣልበት ከ10 ዶላር ይበልጣል። ታክሱ ብቻውን ከዕቃው በለጠ ማለት ነው! ይሄንን ደግሞ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ተረካቢው ነው፣ በብር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ስለዚህ እዚህ ሆነን "ትንሽ ናት" የምንላት እዚያ ትንሽ አይደለችም።

በተራ ፖስታስ? እስከ 2 ኪሎ በትንሽ ጥቅል ይሄዳል፣ ዋጋውም ከፈጣኑ በጣም ይቀንሳል። ግን ፖስታችን በአብዛኛው የሚሠራው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። "ኮቺ፣ ከመስጊዱ ጀርባ" ብሎ መጻፍ አያደርስም። ሳጥን ቁጥር ያለው ዘመድ ወይም መሥሪያ ቤት ፈልጉ። የተረካቢውን ስልክ ጻፉበት። በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ፖስታ) ላኩት። ጊዜ ይፈጃል፣ የቸኮለ ነገር ካላችሁ አይሆንም።

እኛ አሁን የምናደርገው ሌላ ነው። እዚህ ያለን የጅማ ልጆች የሚያስፈልገንን እናዋጣና ወደ አንድ አድራሻ እናዛለን። ብዙ ሱቆች የታዘዘው ከፍ ሲል አገር ውስጥ ማድረሻ አያስከፍሉም። ከዚያ የሚሄድ ሰው ይወስድልናል። ከአዲስ አበባ ወዲያ ጣጣ የለውም። የሚታመን ሰው መናኸሪያ ይወስደውና በአውቶብስ ይላካል፣ የሹፌሩን ስልክ ለተቀባዩ መስጠት ነው። በማግስቱ እጃቸው ይገባል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የምትልኩትን ሁሉ ክፍት አድርጋችሁ፣ ለሚወስደው ሰው አሳይታችሁ ስጡ። ሰው ሻንጣው ውስጥ ያለውን ማወቅ አለበት።

መስሚያ ለወላጆቻችሁ የምትገዙ ደግሞ ማጣሪያውንና የጆሮ ጎማውን የዓመት አብራችሁ ግዙ። የሚቀየረው ባትሪም ላዩ ላይ ያለው ልጣፍ ካልተነሳ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ከተነሳ ግን እንደ መጠኑ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚሠራው። የተደፈነ ማጣሪያ በመርፌ እንዳይጎረጉሩ ንገሯቸው።

እኔ በጥር መጀመሪያ ወደ ጅማ እሄዳለሁ። የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ በ23 ኪሎ ነው፣ አንዱ እስከ ግማሹ ባዶ ነው። መነጽር፣ የመስሚያ ዕቃ፣ የስፌት መኪና መለዋወጫ፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ያላችሁ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አድርሱልኝ። ጅማ ስደርስ ቤታቸው ድረስ እወስደዋለሁ።